ስለ ወንጀል አቈጣጠር፤ በፖሊስ መዝገብና በተበደሉት ቃል

በአንድ አገር በዓመት ምን ያህል ወንጀል እንደሚፈጸም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የፖሊስን መዝገብ ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚያስረዳው የተፈጸመውን ሁሉ አይደለም፤ ተበዳዩ ሄዶ የተናገረውን፤ ከዚያም ጸሐፊው ተቀብሎ የጻፈውን ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ደጆች ያላለፈ በደል እንዳልተፈጸመ ሆኖ ይቀራል።

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ያወቀው የወንጀል ቍጥር ከ1857 ዓ. ም. ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ይታተማል። በ1982 ግን መንግሥቱ ሌላ መንገድ ጨመረ፤ ይኸውም በዕጣ የወጡትን 11000 ያህል ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ፤ ባለፈው ዓመት ምን በደል እንደ ደረሰባቸውና ለፖሊስ ነግረው እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ከመልሳቸውም ከመዝገብ ያልገባው ወንጀል ከገባው እጅግ እንደሚበልጥ ታወቀ። ይህም ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ይደረጋል።

ሰው በደሉን ስለ ምን ይሸሽጋል ቢሉ፤ አንዱ ነገሩን ይንቀዋል፤ አንዱ ፖሊስ ምንም አያደርግልኝም ይላል፤ አንዱም በዳዩን ይፈራል፤ ይልቁንም በዳዩ ባል ወይም ዘመድ ሲሆን። በእኛም አገር በሽማግሌ ዕርቅ ያለቀ ነገር ብዙ ጊዜ ከፖሊስ መዝገብ አይገኝም። መኪና የተሰረቀበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያመለክታል፤ የመድን ድርጅት ካሣ ከመክፈሉ በፊት ማመልከቱን ይጠይቀዋልና።

የቤት ለቤቱም ጥያቄ ጕድለት አለው። የሞተ አይጠየቅምና ነፍስ መግደልን አይቈጥርም፤ ቤት የሌላቸውንና በወኅኒ ያሉትን አያገኝም፤ የማታለልንም ወንጀል እስከ 2015 ድረስ በቍጥሩ አላስገባም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በ2002 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የተበዳዩን ቃል የሚያፈርስ ማስረጃ ካልተገኘ በቀር ፖሊስ ሁሉን እንዲጽፍ አዲስ ደንብ ወጣ። ከዚያ በኋላ በመዝገብ የተጻፈው የድብደባና የግፍ ወንጀል ከፍ አለ፤ በቤት ለቤቱ ጥያቄ የተገኘው የወንጀል ድምር ግን ከ1995 በኋላ እንደ ጀመረው እየቀነሰ ሄደ። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው አገሩ ተበላሸ ብሎ በፈረደ ነበር።

ሹም ቍጥሩ ስላነሰ ብቻ የሚመሰገን ከሆነ፤ ሌባ ከመያዝ ብዕር ማሳረፍ ይቀለዋል። ደንቡም በሁሉ ዘንድ አልጸናም። በ2014 መጀመሪያ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን የፖሊስን ቍጥር እንደ ታመነ የመንግሥት ቍጥር መቀበሉን አቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተቈጣጣሪዎች ሲመረምሩ፤ ለፖሊስ ከተነገረው ወንጀል ከመቶ 19 ያህሉ፤ በመድፈርና ይህን በመሰለው ወንጀል ደግሞ ከመቶ 26 ያህሉ ሳይጻፍ ቀርቶ ተገኘ። እነዚህም ተበዳዮች ፍርሃታቸውን አሸንፈው የተናገሩት ነበሩ።