ዝናቡ ካቆመ በኋላ የጓሮአችን ነገር

  

 ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ውዱእ አደራረግ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ያ የውዱእ ውሃ ከእጃችን ከወረደ በኋላ የት እንደሚሄድ እናንሳ። በብዙዎቻችን ቤት የሚሄደው ወደ ቱቦ ነው። ከቱቦው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ውሃ የጠማው ጎመን ቆሟል።

ያለንበት ወቅት መፀው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ጓሮውን ያጠጣው አላህ ያወረደው ዝናብ ነበር፤ የእኛ ድርሻ አረሙን መንቀል ብቻ ነበር፤ እርሱንም ብንነቅለው። ጥቅምት ሲገባ ግን ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቁር ይሆናል፤ አፈሩም ከላይ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ከዚህ ወዲያ ጓሮው የሚኖረው የቤቱ ሰው በሚያጠጣው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ማለት በመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ የሚታፈስ ያህል ነው፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ቧንቧ ከፍቶ የሚታጠብ ሰው ግን ሦስት ሊትር ቢያፈስ አያስገርምም። ስድስት ሰው ባለበት ቤት፣ በቀን አምስት ጊዜ ስናሰላው 90 ሊትር ይሆናል፤ ከአራት ጀሪካን ያልፋል። እንግዲህ ቁጠባው ይቅደም። በኩስኩስት አንድ ሊትር ቢበቃን እንኳ 30 ሊትር እናገኛለን፤ ከሥሩ ሳፋ ከተቀመጠ ለትንሽ የጎመን መደብ ይበቃል። በሻፊዒይ መዝሀብ ለግዴታ ውዱእ ያገለገለ ውሃ ለሌላ ውዱእ አይሆንም ይባላል እንጂ በራሱ ነጃሳ አይደለም። አትክልት ቢጠጣው ምንም ችግር የለውም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ሙስሊም የተከለውን ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት የሚናገረውን ሐዲስ በሚንበር ላይ ስንት ጊዜ አስተምረናል። አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ከዐስር ሰላት ስንመለስ ባለቤታችን በሁለት እጇ ጀሪካን ይዛ፣ ወገቧ ጎብጦ ወደ ጓሮ ስትሄድ አገኘናት። «አይዞሽ» ብለን ልንቀመጥ ስንል ትንሿ ልጃችን «አባዬ፣ ያ የምታስተምረው ሰደቃ የእማዬ ብቻ ነው እንዴ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሰላት ወቅት ሲደርስም ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር መናገሯን ከመድረሳ ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን። ጀሪካኑን ተቀበልናት። በመጀመሪያው ሳምንት እጃችን ውሃ ቋጠረ፤ ዶማውን ለመልመድ ደግሞ ከዚያም በላይ ፈጀብን።

ውሃ የሚጠጣው ከሱብሒ በኋላ ወይም ከዐስር በኋላ ነው፤ ቀትር ላይ ያፈሰስነውን ፀሐይ ትወስደዋለች። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን እናጠጣ። የነቀልነውን አረም ዘር ሳይዝ አድርቀን በተክሉ ዙሪያ ብንጎዘጉዘው እርጥበቱን ይይዛል፤ በየቀኑ ከማጠጣትም ያሳርፋል። በደጋ የምትኖሩ ከጥቅምት አንስቶ ውርጩን ጠብቁ፤ ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ ማታ ለማታ ችግኙን በጆንያ ወይም በጭድ ሸፍናችሁ ጠዋት ግለጡት።

ስለ ፍግ የሚጠይቁን አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የእንስሳ ፋንድያ ሁሉ ነጃሳ ነው፤ በማሊኪይና በሐንበሊይ ግን ሥጋው የሚበላው እንስሳ ፋንድያ ነጃሳ አይደለም። ሥጋው በሚበላ እንስሳ ፍግ የበቀለው ጎመን ግን በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ታጥቦ ይበላል። ለጓሮ ሥራ አንድ አሮጌ ልብስ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለሰላት ሲሆን መቀየር ነው፤ ጭቅጭቁ እዚያ ላይ ያበቃል።

ደስታውስ? ከሱብሒ በኋላ አፈሩ ሲኮተኮት የሚወጣው ሽታ፣ እግር የነካው በሶብላ፣ ከዐስር በኋላ ቡና ሲፈላ ጓሮ ወጥቶ የሚቀነጠሰው የጤና አዳም ቅጠል፤ ይህንን በገበያ የሚገዛ የለም። ልጆች ደግሞ ካሮት ሲነቅሉ ማየት ነው! ገና ያልደረሰውን ሁሉ «ደርሶ ይሆን?» እያሉ ይነቅሉብናል። ወፎቹም ሰላጣውን ይለቅሙታል። የወፏም ድርሻ ሰደቃ ነው ብለን ንዴታችንን ቀንሰናል፤ እሾህ ማጠራችንን ግን አልተውንም።

ረመዳን በ2017 ዓ.ል. የገባው በየካቲት መገባደጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ይቀድማል። ካሮት ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ አሁን የዘራ ቤተሰብ ለሰሞኑ የአፍጥር ሾርባ ካሮቱንም ድንብላሉንም ከደጁ ያገኛል ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርትም የሚተከለው አሁን ነው። ጥሬውን በልታችሁ ግን ወደ መስጂድ አትምጡብን፤ ይህን የከለከሉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው።

ኅዳር 15 ቀን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የነቢያት ጾማቸውን ሲጀምሩ ጎመን ይፈለጋል። ሶሐባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ እያሉ ደጋግመው ጠይቀዋል። እኛ ጋ በግ የለም፤ ጎመን ግን አለ። ባለፈው ዓመት ልጃችን አንድ ሳህን ሙሉ ቀንጥሳ ለጎረቤታችን እናት ይዛላቸው ሄደች። እርሳቸው ባዶ ሳህን አይመልሱም፤ ለዘር ያስቀመጡትን ነጭ ሽንኩርት ሞልተው ላኩልን። በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ከልጃችን ጋር ፈልፍለን በሁለት መደብ ተከልነው። ልጅቷ ታኖራለች፣ እኛ አፈር እንመልሳለን፤ እናቷም ከበር ሆና «ጫፉን ወደ ላይ አድርጉት!» ትለናለች።