የወጣውን ማን ይመልሰዋል?

መቂ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው አባ ኮዳን ነው። ይህ ወፍ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ይነሣና የቀትሩን ሙቅ አየር ተደግፎ፣ ክንፉን ሳያራግብ፣ እየዞረ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ሲመለስም እንደ አወጣጡ ቀስ ብሎ ነው። መብረርን ከተፈጥሮው ስላገኘው መምህር አላስፈለገውም። ሰው ግን መብረርን የሚያገኘው በትምህርት ነው፤ ትምህርት ባለበትም ሁሉ ስሕተት አለ። እኔ በማስተምርበት ክፍል ተማሪ ቢሳሳት በቀይ እስክሪፕቶ አርምለትና ነገ እንደገና ይሞክራል። በሰማይ ላይ የተሳሳተ ተማሪ ግን ነገን ሁልጊዜ አያገኝም።

ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ከማስተምራቸው አንዱ ሲሆን፣ ፊዚክስ የሚወድ፣ ደብተሩን በአይሮፕላን ሥዕል የሞላ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ አየር ኃይል ለመግባት የቆረጠ ልጅ ነው። እናቲቱ ሽንኩርታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ከገበያ ወደ ትምህርት ቤት መጡና ከዛፍ ጥላ ሥር አቆሙኝ።

«መምህር፣ መውጣቱንስ ይውጣ፤ የወጣውን ማን ይመልሰዋል?» አሉኝ።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ነዋ!» አልኋቸው።

«እሱማ የታወቀ ነው። እኔ የምጠይቅዎ ስለ ሰዎቹ ነው» ብለው ዝም አሉ።

መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልምምድ በረራ አደጋዎች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትሁ። አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በታች የምታገኘው ለእኒያ እናት የዘገየው መልስ ነው።

የቢሾፍቱ ጅማሬ

ከመቂ በሞጆ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ቢሾፍቱን ያልፋል። ኢትዮጵያ ከጠላት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ አዲሱ አየር ኃይል የተተከለው በዚህች፣ ለብዙ ዘመን ደብረ ዘይት ስትባል በኖረች ከተማ ነው። ከአስተማሪዎቹ ዋናው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። እኒህ ሰው በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አይሮፕላን የኢትዮጵያን ቁስለኞች የረዱ፣ ከጦርነቱም በኋላ ተመልሰው ወጣቶቻችንን ያሠለጠኑ ናቸው። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር በተባለች ትንሽ የማሠልጠኛ አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው፣ የትም ሳያርፉ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረው፣ 31 ሰዓት ያህል ቆይተው አዲስ አበባ ገቡ። ብዙ ተማሪዎቻችን ከምድር የተነሡት በዚችው በሳፊር ነው።

ከፎን ሮዘን ጋር ስማቸው መነሣት የሚገባው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በወረራው ጊዜ መልእክትና ሰው በአየር ሲያመላልሱ በጠላት አይሮፕላኖች ጥቃት ደርሶባቸዋል። በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ወገኖቻቸው ጋር ተመልሰው አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ሆኖም ጦርነት ያልገደላቸው እኒህ ሰው፣ በሰላሙ ዘመን አዲስ አበባ ላይ በትንሽ አይሮፕላን ወድቀው ቆሰሉ፤ መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። መቃብራቸው ጉለሌ ነው።

ሮቢንሰን ጀማሪ አልነበሩም፤ ብዙ ዓመት በአብራሪነት የኖሩ ሰው ነበሩ። እንግዲህ አደጋ የሚደርሰው ባልተማረ ላይ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ ከወዲሁ ልንተወው ይገባል።

የሰላም ዘመን ሙታን

በእነዚያ ዓመታት ይህ ኀዘን የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። የኮርያ ጦርነት በተኩስ ማቆም ከቆመ በኋላ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1954፣ ማለት ሮቢንሰን ባረፉበት ዓመት፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የማሪን ጦር 776 አይሮፕላኖች በአደጋ አጡ፤ 535 ሰዎችም ሞቱ። በዚያ ዓመት ግን ጦርነት ላይ አልነበሩም።

በእንግሊዝ አገር የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ሜቲዎር የምትባለው ባለ ሁለት ሞተር ጄት በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ በአገልግሎት ዘመኗ 890 ያህል ወደቀች፤ 450 አብራሪዎችም አለቁ። ሁለቱ ሞተሮቿ ተራርቀው ስለ ተተከሉ አንደኛው ቢጠፋ ሌላው አይሮፕላኗን ወደ ጎን ይጎትታታል። ስለዚህ አስተማሪዎቹ አንዱን ሞተር ሆን ብለው እያጠፉ ተማሪውን ያለማምዱት ነበር። ልምምዱ መልካም ነበር፤ የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ ምድር አጠገብ ስለ ነበረ ተማሪው ቢሳሳት ማረሚያ ከፍታ አልነበረውም። በመጨረሻም በእውነተኛ የሞተር መጥፋት ከሞቱት ይልቅ ለእርሱ ሲለማመዱ የሞቱት በዙ። በዚያ ላይ አስተማሪና ተማሪ የሚቀመጡባት ሜቲዎር አብራሪውን ወደ ውጭ የሚወረውር መቀመጫ አልነበራትም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከምክንያቶቹ አንዱ አየሩ ራሱ ነው። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻም። በአውቶቡስ ስትሄድ እጅህን በመስኮት አውጥተህ ታውቃለህ? መዳፍህን በጥቂቱ ወደ ላይ ብታዘነብል ነፋሱ እጅህን ያነሣዋል። እጅግ ብታዘነብለው ግን ማንሣቱ ይቀርና ወደ ኋላ ይገፋሃል። የአይሮፕላን ክንፍም እንዲሁ ነው። አብራሪው አፍንጫውን ከመጠን በላይ ካነሣ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቃል፤ ይህን አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። አንዱ ክንፍ ቀድሞ ከተሸነፈ አይሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከፍታ ካለ ይታረማል፤ ምድር ከቀረበ ግን አይታረምም።

አሁን ይህን ወደ ደጋችን እናምጣው። የቢሾፍቱ የአይሮፕላን ሜዳ ከባሕር ወለል 1,890 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ በቀትር ሙቀት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ፣ አይሮፕላኑ ግን በምድር ላይ ከባሕር ዳሩ ከመቶ አሥር ያህል ፈጥኖ ያልፋል፤ ሲዞርም ክቡ ከመቶ ሃያ ያህል ይሰፋበታል። ለማረፍ የሚዞር ተማሪ መስመሩን ሲያልፈው ያያል፤ ይደነግጥና መሪውን ወደ ራሱ ስቦ ዙሩን ለማጥበብ ይሞክራል። ያን ጊዜ ክንፉ ይሸነፋል። የመንደሩ ሰው «ሞተሩ ጠፋበት» ይላል፤ ሞተሩ ግን ደኅና ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከአንድ ዓይነት መሣሪያ ወደ ሌላ መሻገር ነው። አየር ኃይላችን ከሳፊር በኋላ ከአሜሪካ ቲ-28 የተባለውን ባለ ፕሮፔለር፣ ቀጥሎም ቲ-33 የተባለውን ጄት ተቀበለ። ፕሮፔለር ያለው ሞተር ጋዝ ሲሰጡት ወዲያው ይታዘዛል። የዚያ ዘመን ጄት ግን ከዝግታ ወደ ሙሉ ኃይሉ ለመድረስ ብዙ ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። በቀድሞው የለመደ እጅ ኃይል የሚጠይቀው ሲያስፈልገው ነው፤ ጄቱ ግን ከማስፈለጉ በፊት ሊጠየቅ ይወዳል። ብዙ አብራሪ በብዙ አገር በዚህች በጥቂት ሴኮንድ ልዩነት ጠፍቷል።

ሦስተኛው ምክንያት ደመና ነው። ምዕራብ ጀርመን ስታርፋይተር በተባለው ፈጣን አይሮፕላን አብራሪዎቿን ያስተማረችው በአሜሪካ በአሪዞና በረሓ፣ ዝናብ በማያውቀው ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ነበር። ከዚያ ወደ አገራቸው ጭጋግ ተመለሱ። ከ900 በላይ ከነበሩት አይሮፕላኖች 290 ያህሉ ወደቁ፤ ከ100 በላይ አብራሪዎችም ሞቱ። በአውሮጳ 1966 ጄኔራል ዮሐንስ ሽታይንሆፍ አለቃ ሆነው ትምህርቱን፣ ጥገናውንና የመዳኛውን መቀመጫ ሲያሻሽሉ አደጋው እየቀነሰ ሄደ። በበጋ የተማረ በክረምት እንደሚፈተን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነግረን አያሻም።

ደመና ለታላላቆችም አላዘነም። በዓለም የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ዩሪ ጋጋሪን የሞተው ከአስተማሪው ከቭላዲሚር ሴሬጊን ጋር በሚግ-15 የማሠልጠኛ ጄት ሲለማመድ ነው፤ ዕድሜው 34 ነበር። በ2011 በአውሮጳ አቆጣጠር የተገለጠው የአጣሪዎቹ ሰነድ፣ አንድ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛን ወይም የደመናውን ጫፍ ለመሸሽ በድንገት ዞረው ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ቀኑ መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ነበር፤ ሮቢንሰን ካረፉ ልክ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት።

የተሸሸገ በሽታ

አንባቢ ሆይ፤ እስካሁን የቈጠርሁልህ ሁሉ ሊታወቅ የሚችል፣ ከታወቀም ሊታረም የሚችል ነው። እንግዲያስ ስለ ምን ያንኑ ስሕተት ሁለተኛው ሰው ደገመው? ስለ ምንስ ሦስተኛው?

መልሱን ያገኘሁት ከመንገደኞች አይሮፕላን ታሪክ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1974 ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው ኩባንያ አይሮፕላን በዋሺንግተን አቅራቢያ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች አለቁ። በምርመራው እንደ ታወቀው፣ ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ ኩባንያ አብራሪዎች በዚያው ቦታ ያንኑ ስሕተት ሠርተው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለኩባንያቸው ተናገሩ፤ ኩባንያውም ለራሱ አብራሪዎች ነገረ፤ ለጎረቤቱ ግን ወሬው አልደረሰም። ከዚህ በኋላ በ1976 አንድ አብራሪ ስሕተቱን ስሙ ሳይገለጥ የሚያስታውቅበት፣ የላከውም ጽሑፍ ለሌሎች ትምህርት የሚሆንበት ሥርዓት ተቋቋመ። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ከዚያ ቀደም በ1961፣ አብራሪዎቹ ራሳቸው ባካበቱት ልምድ የሚታረም አንድ ወጥ የአበራረር ደንብ አውጥቶ ነበር። ያ ደንብ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል እንደየልማዱ ይበር ነበር።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው የለ! በወታደር ቤት ግን ስሕተትን መናዘዝ እንደ ፈሪነት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ጎማውን ማውረድ ረስቶ በመጨረሻ ሰዓት ያስታወሰ ተማሪ፣ በደመና ውስጥ ላይና ታቹ የጠፋበት ተማሪ፣ ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ተማሪ፣ እንዳይሳቅበት ዝም ይላል። እርሱ ተርፎአል፤ ዝምታው ግን በማግሥቱ በዚያው ወንበር የሚቀመጠውን ጓደኛውን ይጠብቃል። ከጀግንነት ሁሉ የሚከብደው ምናልባት በአለቃና በጓደኛ ፊት ቆሞ «ትናንት ተሳስቼ ነበር» ማለት ይመስለኛል። አለቃውም ይህን የሰማ እንደ ሆነ ከመቅጣቱ በፊት ማመስገን ይገባዋል፤ አንድ ልጅ ሳይሞት የተገኘ ትምህርት ነውና።

ይህን ካነበብሁ በኋላ በራሴ ክፍል አንድ ነገር ለውጫለሁ። የፈተና ወረቀት ስመልስ፣ እኔ ያላየሁትን ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ የሚያሳየኝ ተማሪ ነጥብ አይቀነስበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ያ የአይሮፕላን ሥዕል የሚወድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ የመደመር ምልክት በመቀነስ ፈንታ ጽፎ እኔ ሳላየው አልፌው ነበር። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እርሱ ግን አላፈረም።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን እናቱን ከሽንኩርት ክምራቸው አጠገብ አገኘኋቸውና፣ «እማማ፣ የዚያን ቀን ጥያቄዎን ይዤ ሰንብቻለሁ» አልኋቸው። ከፍታ ሳይኖር አደገኛ ልምምድ የማያስጀምር አስተማሪ፣ አንዲት ብሎን ሳትጠብቅ ብትቀር አይሮፕላኑን የማይለቅ መካኒክ፣ ስሕተቱንም የማይሸሽግ ተማሪ፣ እነዚህ ሦስቱ የወጣውን እንደሚመልሱት፣ ሦስቱም በአንድነት ካልተገኙ ግን አደጋ መግቢያ እንደማያጣ እንደ ቻልሁ አስረዳኋቸው። ምንም አደጋ አይደርስም ብዬ አልዋሸኋቸውም።

እናቲቱ የሚመዝኑትን ሽንኩርት ሳያቆሙ ሰሙኝ። ሲጨርሱም፣ «እንግዲያው ሁለቱን ሌላ ይፈልግለት፤ እውነት መናገሩን ግን ከዚሁ ከቤቱ ይዞ ይሂድ» አሉ።