ከፎቆቹ ጀርባ ያለው ሆንግ ኮንግ

ለንግድ ወደ ሆንግ ኮንግ ብቅ የሚል ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ፎቅ ብቻ ነው። ቺም ሻ ቹይ በተባለው ሰፈር፣ የአፍሪካ ነጋዴዎች በሚያዘወትሩት ቹንግኪንግ ማንሽንስ በሚሉት ሕንፃ ጠባብ ክፍል ይዞ ያድራል፤ ሸቀጡን ገዝቶ ያስጭንና በመጣበት አውሮፕላን ይመለሳል። አገሩ በሙሉ ሲሚንቶና መስታወት ነው ብሎ ቢያወራ አይፈረድበትም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጠው በዚህ ምድር፣ ቤትና መንገድ የተሠራበት ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። 40 ከመቶ የሚሆነው በሕግ የተጠበቀ የገጠር ፓርክ ነው፤ ተራራ፣ ደን፣ ግድብና የባሕር ዳርቻ። ኩን ቶንግን በመሳሰሉ ሰፈሮች በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 60 ሺህ ያህል ሰው ተፋፍጎ ሲኖር፣ ጥቂት በአውቶቡስ ሄድ ሲሉ የዱር አሳማ የሚመላለስበት ጫካ ይገኛል።

ለዚህ ያበቃው የተፈጥሮ ፍቅር ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ውሃ ነው። ከተማዋ ትልቅ ወንዝ ስለሌላት እንግሊዞች የዝናቡን ውሃ ከየተራራው እየሰበሰቡ በግድብ ማጠራቀም ነበረባቸው፤ ውሃው እንዳይበከልም በዙሪያው ያለው ተራራ ቤት እንዳይሠራበት ተጠበቀ። በጃፓን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945፣ ደኑ ለማገዶ ተጨፍጭፎ ስለነበር ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ችግኝ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ድርቅ በገባ ጊዜ ውሃ የሚለቀቀው በአራት ቀን አንዴ፣ ለአራት ሰዓት ብቻ ነበር። ባልዲ ይዞ ወረፋ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ገዥ ሰር መሬይ ማክሊሆዝ ራሱ በእግር መጓዝ የሚወድ ሰው ነበር። የገጠር ፓርኮች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1976 በእርሱ ዘመን ወጣ። በ1979 ደግሞ በስሙ የተጠራው የ100 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተከፈተ። ቅኝ ገዥ ትቶት ከሄደው ነገር ሁሉ ሕዝቡ አሁንም በየሳምንቱ የሚጠቀምበት ይህ ሳይሆን አይቀርም። መንገዱ በምሥራቅ ከፓክ ታም ቹንግ ተነስቶ፣ ከአገሩ ተራሮች ሁሉ በሚበልጠው ታይ ሞ ሻን በኩል አልፎ፣ በምዕራብ ቱን ሙን ላይ ያበቃል። የታይ ሞ ሻን ከፍታ 957 ሜትር ነው። የእንጦጦ ልጅ ይህን ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አቀበቱ የሚጀምረው ከባሕር ጠርዝ ነው፣ በበጋ ያለው ወበቅም ጉልበት ይፈታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያሉ የኔፓል ጉርካ ወታደሮች ይህንን 100 ኪሎ ሜትር ለልምምድ መጓዝ ጀመሩ። ከ1986 ጀምሮ ሲቪሉም ተጨመረበትና አራት አራት ሰው እየሆኑ በ48 ሰዓት የሚጨርሱት የእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጉዞ ሆነ።

ያን ያህል አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ «የዘንዶው ጀርባ» አለ። ከሾው ኬ ዋን የባቡር ጣቢያ በ9 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሮ ቶ ቴይ ዋን መውረድ ነው። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኝ ባሕር እያዩ በተራራው ጫፍ ላይ መሄድ፣ መጨረሻው ላይም ባሕር ዳር መውረድ። መግቢያ የሚከፈልበት ነገር የለም። የሚመረጠው ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ነው፤ በበጋ ሙቀቱ፣ መብረቁና ታይፎኑ አደገኛ ነው። በረጃጅሞቹ መንገዶች ላይ በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለበት ምሰሶ ቆሟል፤ የተጎዳ ሰው ስልክ ሲደውል ቁጥሩን ቢናገር የት እንዳለ ይታወቃል። የቆሻሻ መጣያ ግን አይፈለግ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከየመንገዱ ተነስቷልና ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ይመለሳል።

እሑድ እሑድ በእነዚህ መንገዶች ላይ ከሚታዩት መካከል የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሴቶች አሉ። በሆንግ ኮንግ በሰው ቤት የሚሠሩ የውጭ አገር ዜጎች ከ300 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ የሚያድሩትም በአሠሪያቸው ቤት እንዲሆን ይገደዳሉ። ሕጉ በሰባት ቀን አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል። የማትከበርበት ቤት ባይጠፋም፣ ይህች ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በቤይሩትና በኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እህቶች ያውቁታል። የራሳቸው ክፍል ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ ሳይከፍሉ ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ይኸው ተራራ የሚፈለገው ለእግር ጉዞ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ ሰማይ በነካበት በዚህ ከተማ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች የሚኖሩት፣ አንዱ ቤት ተከፋፍሎ በተሠራ ጉሮኖ በሚመስል ክፍል ነው። ስለዚህ «ከፓርኩ ዳር ትንሽ ተቆርጦ ቤት ይሠራበት» የሚሉት ወገኖች ጥያቄ ከክፋት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት በታይ ላምና በማ ኦን ሻን ፓርኮች ዳርቻ ያለው መሬት እንዲጠና አደረገ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አንዴ ከተቆረሰ ማቆሚያ የለውም፣ ከሁሉ በፊት የሚጎዳውም ያው በጠባብ ክፍል የሚኖረው ድሃ ነው አሉ። የመሬት ጉዳይ እንዲመረምር የተቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሪፖርቱን ሲያቀርብ የፓርኮቹን ዳርቻ ከመረጣቸው መፍትሔዎች ውስጥ አላስገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከዋናው ቻይና ድንበር አጠገብ ያለው ሮቢንስ ኔስት 25ኛው የገጠር ፓርክ ሆኖ ተከልሏል።