እግራችሁ ማታ አላርፍ ሲል

እኔ በነቀምቴ ከተማ፣ በበከኒሳ ቀሴ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እግር ነው። ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቀን ሥራ ላይ ስትሆኑ እግራችሁ ደህና ነው። ማታ አረፍ ስትሉ ግን ባታችሁ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላችኋል። እግራችሁን አንቀሳቅሱ አንቀሳቅሱ ይላችኋል። ተነሥታችሁ ስትራመዱ ይተዋችኋል። ስትተኙ ይመለሳል። እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ሆኛለሁ። ቀን ቆሜ ሳስተምር ምንም አይለኝም። ማታ የተማሪ ደብተር ለማረም ስቀመጥ ይጀምረኛል። ለቅሶ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ቅጣት ሆነብኝ። ሌሊት ቤቱን ስዞር አድራለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ትዕግሥት የለውም። አንድ ጠዋት ምንም ባላጠፋ ልጅ ላይ ጮህኩበት። ልጁ አለቀሰ። እኔም በራሴ አፈርኩ።

አንዷ ጎረቤቴ «ብርድ ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ድካም ነው» አለች። «የሰው ዓይን ነው» ያለም አልጠፋ። ከሱቅ የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ዋጥኩ፤ አልሠራም። በመጀመሪያ የሄድኩበት ሕክምና ቤትም «እግርሽ ላይ ምንም አይታይም» ብሎ መለሰኝ። እውነትም እብጠት የለው፣ ቁስል የለው፤ ምን ይታያል?

በሽታው ግን ስም አለው። እረፍት የለሽ እግር ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎበታል። ስዊድናዊው ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 በዝርዝር ገልጾ ስሙን አወጣለት። ስለዚህ ስንፍና አይደለም፤ እብደትም አይደለም። የአንጎልና የነርቭ ችግር ነው።

ከምን ይመጣል? አንደኛ፣ ከብረት ማነስ። ብረት ስል የማረሻውን ብረት ማለቴ አይደለም፤ ከምግብ የምናገኘውን ማዕድን ነው። ደምም አንጎልም ይፈልጉታል። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ብረቷ ያንሳል። በባዶ እግር ሲሄዱ ከአፈር የሚገባና አንጀት ውስጥ ደም የሚመጥ ትልም ብረትን ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ እርግዝና ያመጣዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ ይተዋል። ሦስተኛ፣ የኩላሊት ሕመም። አራተኛ፣ በዘር ይወረሳል። አንዳንድ የአለርጂ፣ የማስመለስና የድብርት መድኃኒቶችም ያባብሱታል።

ሐኪሙ እንዴት ያውቀዋል? በጥያቄ ነው። እናንተም አራት ነገር ንገሩት፦ እግሬን አንቀሳቅስ አንቀሳቅስ ይለኛል፤ ሳርፍ ይነሣብኛል፤ ስራመድ ይሻለኛል፤ ማታ ይብሳል። በአማርኛም በኦሮምኛም ንገሩት፤ ብቻ አትፈሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አሳዩት። ቀጥሎ ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ። ይህ ምርመራ ሰውነት ያጠራቀመውን ብረት ያሳያል። «የደም ማነስ የለብሽም» የተባለች ሴት እንኳ የተጠራቀመው ብረቷ ሊያንስ ይችላል። ጤና ጣቢያው ምርመራው ከሌለው ወደ ሆስፒታል እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

የእኔ ብረት አንሶ ተገኘ። ሐኪሙ የብረት ክኒን አዘዘልኝ። በአንድ ሳምንት አልዳንኩም፤ ለወራት ወሰድኩ። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ክኒኑን ከቡና ጋር አትውሰዱ፤ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት። ለወለጋ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ! ብርቱካን ግን ይረዳዋል። ክኒኑ ሰገራን ያጠቁራል፤ አትደንግጡ። ሳትመረመሩ ግን አትዋጡ፤ የበዛ ብረት ይጎዳል። ከሕፃናትም አርቁት፤ ሕፃን ብዙ ከዋጠ ይገድላል።

ብረቱ ደህና ለሆነ፣ ወይም ብረት ወስዶ ላልተሻለው ሰው፣ እንደ ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህን የሚያዝዝ ሐኪም ብቻ ነው። ፕራሚፔክሶል የሚባለው መጀመሪያ ያስታግሳል፤ በጊዜ ብዛት ግን ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ያተረፈውን ክኒን አትቀበሉ።

በቤታችሁም የምትሠሩት አለ። የማታውን ቡና ተዉ። አልኮል ቀንሱ። ከመተኛታችሁ በፊት እግራችሁን በሞቀ ውኃ ታጠቡ፤ ባታችሁን እሹት። በአንድ ሰዓት ተኙ፣ በአንድ ሰዓት ተነሡ። አንድ ነገር ግን ለዩ፦ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ቢያምና ቢሞቅ ሌላ በሽታ ነው፤ ያን ቀን ሳታድሩ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ዛሬ እኔ እተኛለሁ። አንዳንድ ማታ ይመለስብኛል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ያ የጮህኩበት ልጅም ዛሬ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ይመጣል።

አሁን ጽሑፉን አንድ ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ምናልባት እሱም ሌሊት ቤቱን ሲዞር የሚያድር ይሆናል። ደህና ሰንብቱ።