ቁልቋልን ሳሎን ማስገባት

ውጫሌ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው የ1881 ዓ.ም.ን ውልና አንቀጽ 17ን ነው። በአምባሰል ተዳፋት ላይ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የቆመውን ቁልቋል ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ለባላገሩ አጥር ነው፤ ከብት አይደፍረውም፣ ውሃ አጠጡኝ አይልም። ባሕር ማዶ ግን ይኸው ተክል በሸክላ ተተክሎ ሳሎን ያስጌጣል፤ በገንዘብም ይሸጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.አ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ቁልቋል ከነሥዕሉ ጽፏል፤ በዓመቱም ጀርመናዊው ግሜሊን «ኢዩፎርቢያ አቢሲኒካ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ብዙ ሰው ካክተስ ነው ይላል፤ አይደለም። ካክተስ ከአሜሪካ የመጣው በለስ ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ በለስ አያወጣም።

የሚማርከው ቅርጹ ነው። ቅጠሎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ቶሎም ይረግፋሉ። የሚቀረው ጎድን ጎድኑ የወጣ አረንጓዴ ግንድ ነው፤ በየጠርዙም ጥንድ ጥንድ እሾህ ተደርድሯል። ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ጥላው ራሱ ጌጥ ነው። ጎድኖቹም ለውበት ብቻ አልተፈጠሩም፦ ዝናብ ሲገኝ ግንዱ ውሃ ጠጥቶ ይነፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ በመሆኑ ቆዳው አይቀደድም። ሌላም ብልሃት አለው። አብዛኛው ተክል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አየር የሚስበው ቀን ነው፤ በእነዚያው ቀዳዳዎች ውሃውም ይተናል። ቁልቋል ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ ሌሊት የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጦ ፀሐይ ስትወጣ ምግቡን ይሠራበታል። ሳምንታት ቢረሳ የማይሞተው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ከሞተ በአብዛኛው ውሃ በዝቶበት ሥሩ በስብሶ ነው። አፈሩ ግማሽ ያህሉ አሸዋ ይሁን፣ ሸክላው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ ቦታው ከመስኮት አጠገብ ይሁን። አፈሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ ውሃ አይጠጣ፤ ቤቱ በሚቀዘቅዝበት ክረምት ደግሞ ከዚያም ይቀነስለት። ሜዳ ላይ እስከ 10 ሜትር የሚያድገው ዛፍ በሸክላ ውስጥ ሥሩ ስለሚጠብበት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

የውጫሌ ሰው መግዛት አያሻውም። ከጎረቤት አጥር አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ በስለት ይቁረጥ፣ ወተቱን በውሃ ያጥብ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አቆይቶ ይትከል። ወተቱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ሊያሳውር ይችላል። ሲቆርጡ ጓንት ማጥለቅና ዓይንን መከለል የግድ ነው። የሚድኽ ልጅ ያለበት ቤት ቁልቋል ባይገባ እመርጣለሁ፤ እዚያ እሬት ይሻላል። እርግጥ የእሬትም መራራ ቢጫ ጭማቂ ከተዋጠ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን።

ቁልቋሉን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ባሕር ማዶ ለመሄድ ያሰበ ዘመድ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) መሠረት ይህ ተክል ያለ ወረቀት ድንበር አይሻገርም።