አንገት ላይ ያበጠ ነገር በሻርፕ አይሸፈን

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ አባቶቻችን፣ ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ። ስደት ላይ በሽታ ሲጨመርም እንደዚያው ነው። እንቅርቱ ደግሞ ተረት ብቻ አይደለም፤ በመካከላችን አለ። ከአሊ አዴና ከሆልሆል ለሕክምና መጥተው ካርቲየ 5 ዘመድ ጋ የሚያርፉም ሆኑ እዚያው የሚኖሩ እህቶቻችን በዚያ ሁሉ ሙቀት አንገታቸውን ሸፍነው ይውላሉ። ለዚህ ነው ጉዳዩን ዛሬ ያነሳነው።

እንቅርት ከማንቁርት በታች ያለችው ታይሮይድ የምትባለው ዕጢ ስታብጥ የሚመጣ ነው። በአገራችን ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለሆነ ብዙዎቻችን ያደግነው ያለሱ ነው።

አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ጥቂቱ ግን ነው፤ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። እብጠቱ ቶሎ ቶሎ ካደገ፣ ከጠነከረ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ አይዋል አይደር። ሐኪም በአልትራሳውንድ ያያል፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል። በጊዜ የተደረሰበት የታይሮይድ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ብዙዎች የሚፈሩት ቢላዋውን ነው። ድሮ ይህ ቀዶ ጥገና ብዙ ሰው ይገድል ነበር። የስዊሱ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር አሠራሩን አሻሽሎ ሞቱን እጅግ ስለቀነሰ፣ በታይሮይድ ላይ ለሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የኢጣሊያ ፒሳ ከተማ ሐኪሞች ትንሽ ካሜራ እያስገቡ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ መሥራት ጀመሩ። ጠባሳው ያንሳል፣ ሕመሙም ይቀላል። ነገር ግን ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ሐኪም ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ አይገኝም። የሚሠራውም እብጠቱ ትንሽ ሳለና ካንሰሩ ሳይሰራጭ ነው። ትልቅ እስኪሆን የጠበቀ ሰው ዕድሉን ያጣል። እሱ ባይገኝም የተለመደው ቀዶ ጥገና ያድናል፤ ዋናው ቶሎ መድረስ ነው።

ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ከወጣች ምትክ ኪኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ከቦታ ቦታ የምንንቀሳቀስ ሰዎች ነንና መድኃኒቱም የሕክምና ወረቀቱም አብሮን ይሂድ። «ዳንኩ» ብሎ ማቋረጥ አደጋ አለው።

እንቅርትን በጋለ ብረት መተኮስ ወይም ማስበጣት ቁስልና መመረዝ እንጂ ፈውስ አያመጣም። በመጀመሪያ ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ወደ ከተማ ሆስፒታል የሚላክ ካለ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ቋንቋ ካስቸገረ አንገትን እያሳዩ «ጉዋትር» ማለት ይበቃል፤ እንቅርት በፈረንሳይኛ ስሙ ይኸው ነው። እቤት ደግሞ አዮዲን ያለበትን ጨው እንግዛ፣ ከድነን እናስቀምጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል እንጨምር።

እናቶች፣ እህቶች፣ ሻርፑን ገለጥ አድርጋችሁ ለሐኪም አሳዩ። ነውር የለውም።