የዓሣው መልክ በወረቀት ላይ

ዓሣ ከውሃ ከወጣ በኋላ መልኩ ብዙ አይቆይም። በሕይወቱ ሳለ የሚያብረቀርቀው ቅርፊት ሲሞት ይደበዝዛል። የጀርባውና የሆዱ ቀለም ይጠፋል። ቶሎ ካልተበላ ወይም ካልደረቀ ደግሞ ይበላሻል። ታዲያ በአንድ ሐይቅ የተያዘውን ዓሣ በሩቅ አገር ያለ ሰው እንዴት ሊያውቀው ይችላል? ዛሬ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶግራፍ ሳይኖርስ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች ውስጥ በመንጠቆ ሲያዙ ብርቱ ትግል የሚገጥሙ ዓሦች አሉ። አንደኛው ፓይክ ይባላል። ገላው ረዥም፣ አፉ እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ ስል ነው፤ ሌሎች ዓሦችን ይበላል። ሁለተኛው ሳልመን፣ ሦስተኛው ትራውት ነው። ትራውት ገላው ላይ ነጠብጣብ አለበት። ይህ ዓሣ ከውጭ አገር መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞችም ተለቋል። እነዚህን ዓሦች ሰዎች ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለጨዋታም ያጠምዷቸዋል። ጥንት በመጻሕፍት የታተሙት ሥዕሎቻቸው ዛሬ በየሙዚየሙና በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅላቸውም ብዙ ነው።

ሐኪሙ ብሎክ

ከነዚህ መጻሕፍት መካከል እጅግ የታወቀው የማርከስ ኤሊዘር ብሎክ ሥራ ነው። ብሎክ በ1723 በጀርመን አገር አንስባክ በተባለ ከተማ ከድሃ አይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። እስከ ወጣትነቱ ድረስ የሚያውቀው ንባብ የዕብራይስጥ ብቻ ነበር። ጀርመንኛና ላቲን የተማረው ሃምቡርግ ከተማ ሄዶ በአስተማሪነት ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። ከዚያም ሕክምና ተምሮ በበርሊን ሐኪም ሆነ።

ዓሣ ማጥናት የጀመረው ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። በ1779 ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ስለሚገኘው ስለ ሚድቪ ሐይቅ አንድ ዓሣ ጽፎ አወጣ። ከ1782 እስከ 1795 ድረስ ደግሞ ትልቁን መጽሐፉን በ12 ክፍል አሳተመ። በውስጡ 432 የዓሣ ሥዕሎች አሉ። መጀመሪያ ወጪውን ከራሱ ኪስ ይከፍል ነበር። ወጪው ሲከብድበት ባለጸጎችና መሳፍንት የየሥዕሉን ዋጋ ከፈሉለት። የከፈሉት ሰዎች ስም በሥዕሉ ግርጌ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ዓሦቹን አጥምደው ያመጡት ሰዎች ስም ግን በግርጌው የለም። ዓሣው የት እንደሚውል፣ መቼ እንቁላል እንደሚጥል፣ በምን እንደሚያዝ ከማንም በፊት የሚያውቁት ግን እነሱ ነበሩ።

ሥዕሉ እንዴት ይታተም ነበር?

በመጀመሪያ ሠዓሊው ዓሣውን ፊቱ አስቀምጦ በወረቀት ይሥለዋል። ቀራጩ ደግሞ ሥዕሉን በለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት ይቀርጸዋል። ልብ በሉ፤ ሲታተም ስለሚገለበጥ ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ አድርጎ ነው የሚቀርጸው።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ጥቁር ቀለም ይቀባል። ላዩ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ቀለሙ በተቀረጸው ጭረት ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በከባድ ማተሚያ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ቀለሙን ከጭረቱ ስቦ ያወጣዋል።

ሥራው ግን ገና አላለቀም። የታተመው ጥቁርና ነጭ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ በአንድ በቡሩሽ በእጅ ይቀለማል። በብሎክ መጽሐፍ የአንዳንዱ ዓሣ ቅርፊት እንዲያብረቀርቅ የብርና የወርቅ ቀለም ሳይቀር ተጨምሮበታል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ አንድ መቶ ቢታተም 43,200 ሥዕል በእጅ መቀለም አለበት ማለት ነው። ዋጋው ለምን ውድ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሥዕል ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ብሎክ ከሩቅ አገር የመጡለትን ዓሦች በሕይወት አላያቸውም። የደረሱት ደርቀው ወይም በአልኮል ተነክረው ነው። ስለዚህ ቀለማቸው የተሳሳተ፣ የተገኙበትም አገር በስህተት የተጻፈ ዓሦች አሉ። ከዓሦቹ ብዙዎቹ በበርሊን ሙዚየም እስከ ዛሬ ተጠብቀው ስለሚገኙ ተመራማሪዎች ሥዕሉን ከዓሣው ጋር እያስተያዩ ስህተቱን ያርማሉ።

የጣና ዓሦች

እንዲህ ያለው ሥራ ወደ አገራችንም ደርሷል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎንደርና ወደ ጣና መጥቶ ዓሦችን ሰበሰበ። በ1835 መግለጫቸውን ከነሥዕላቸው አሳተመ። ካሳተማቸው መካከል ላቤኦባርበስ የሚባሉ፣ አፋቸው አጠገብ አጭር ጢም ያላቸው ትልልቅ ዓሦች ይገኛሉ። ከነሱ አንደኛው እስከ ዛሬ በሳይንስ ስሙ «ጎርጓሪ» ተብሎ ይጻፋል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያለ ለሚተርተው ሕዝብ ይህ ቃል እንግዳ አይደለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ አንድ ተመራማሪ እነዚህ የጣና ዓሦች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ሐይቁ ድረስ መጥተው ዓሦቹን አንድ በአንድ መረመሩ። የአፋቸው ቅርጽ ይለያያል። ምግባቸው ይለያያል። የሚውሉበትም ቦታ እንዲሁ። በ2000 ባወጡት ጽሑፍ 15 ዓይነት መሆናቸውን አስረዱ። ሩፔል ከሰጣቸው ስሞችም ጎርጓሪን ጨምሮ ብዙዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የ1835ቱ መግለጫና ሥዕል፣ በፍራንክፈርት ሙዚየም የተቀመጡትም ዓሦች ለዚህ ሥራ ምስክር ሆነዋል።

ታዲያ አንድም ተባሉ አሥራ አምስት፣ ምን ለውጥ አለው? ትልቅ ለውጥ አለው። አንድ ገበሬ ማሽላውን፣ ጤፉንና ገብሱን ሁሉ «እህል» ብሎ ብቻ ቢቆጥር፣ የገብሱ ዘር ቢጠፋ በምን ያውቃል? ዓሣም እንደዚሁ ነው። ከጣና ላቤኦባርበሶች ከፊሎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ ስለተያዙ ቁጥራቸው በጣም መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ሁሉም በአንድ ስም ከተጠሩ ግን አንደኛው ዓይነት ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ «ዓሣው አለ» ይባላል። ስምና መልክ ያለው ነገር ሲጎድል ይታወቃል። ስም የሌለው ግን ሳይታወቅ ይጠፋል።

ሥዕሉን ማንበብ

እንዲህ ያለ የጥንት ሥዕል ብታገኙ እንደ ጌጥ ብቻ አትዩት። እንደ ጽሑፍ አንብቡት። በስተግርጌው በግራ በኩል ብዙ ጊዜ የሠዓሊው ስም ይገኛል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የቀራጩ። በመካከል የዓሣው ስም አለ። በሥዕሉ ዙሪያ ወረቀቱ ገባ ያለ መስመር ካለው፣ የመዳብ ሰሌዳው የተጫነበት ምልክት ነው።

ዛሬ አንዳንድ ነጋዴዎች የጥንቱን መጽሐፍ ገነጣጥለው ሥዕሉን በየወረቀቱ ይሸጡታል። ገዢው ውብ ዓሣ ያገኛል። ነገር ግን ዓሣው ከየት ውሃ እንደተያዘ፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚራባ የሚነግረው ጽሑፍ ከመጽሐፉ ጋር ይቀራል። ሥዕሉ ያለ ጽሑፉ ግማሽ ምስክር ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በውሃ ዳር የሚኖር ሰው በየወንዙ የሚገኙትን ዓሦች ስም ያውቃል። ዱሮ ያንን ስም በወረቀት ያሰፈረው ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነበር። አሁን ግን ማንበብና መጻፍ የቻለ የአካባቢው ሰው ራሱ ሊያሰፍረው ይችላል። የዓሣውን ስም፣ የተያዘበትን ወንዝና ወር፣ የአፉንና የቅርፊቱን መልክ በደብተር ቢጽፍ፣ ከቻለም በእርሳስ ቢሥለው፣ ልጆቹ ወንዙን ሲወርሱ በውስጡ ምን እንደነበረ ያውቃሉ።